ለሁለት የተካፈለ ጠመንጃ

አናጺዋ እናኑ የጠመንጃውን መምቻ ብረት ገልብጣ በኩራዝ ጥላሸት ስትቀባው ሃሩን ከተቀመጠበት የሳንቃ ክምር ብድግ አለ።

«ኧረ ልጄ! ስንት ዓመት የወለወልኩትን ብረት ምነው አጠቆርሽው?»

«ይቀመጡ ጋሼ፤ ይጠራል» አለች ቀና ሳትል።

ብረቱን አዲሱ እንጨት ላይ በጠረበችለት ጉድጓድ አስገብታ በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጋ መታችው። ስታወጣው ጥላሸቱ እንጨቱ ላይ እዚህም እዚያም ነጥብ ጥሏል። ነጥብ ያለበት ቦታ ብረቱን አላስገባ ያለው ነው። ያንን ብቻ በመሮ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ ፋቀችው። ደግማ ቀባች፣ ደግማ አስገባች፣ ደግማ ፋቀች። ሃሩን ሳያውቀው ተመልሶ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ እጅ ጅዳ በነበረ ጊዜ ወርቅ ሠሪዎች ዘንድ አይቷል፤ እንጨት ላይ ግን አይቶ አያውቅም።

በወዲያኛው ጥግ ወንድሙ አሻግሬ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ያጣላቸው ግን እሱ አይደለም። አባታቸው ሲሞት ያንን በድንጋይ ብልጭታ የሚተኮስ አሮጌ ጠመንጃ ማን ይውሰደው ተባለ። ሽማግሌ ተቀምጦም አልሆነም። በመጨረሻ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተካፈሉት፦ አፈሙዙ ለታላቁ ለአሻግሬ፣ ብልጭታ የሚያወጣው መምቻ ለሃሩን። የጠመንጃውን እንጨት በመጥረቢያ ለሁለት ፈለጡት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

እናታቸው የምትኖረው እዚሁ መካነ ሰላም፣ አሻግሬ ቤት ነው። ሃሩን ከሚኖርበት ከከላላ በመጣ ቁጥር የሚያያት፣ ሰው ደግፎ ዘመድ ቤት ሲያመጣት ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ከአልጋ መነሳት አቃታት። «ጠመንጃውን አንድ አድርጋችሁ፣ ሁለታችሁም ይዛችሁልኝ ኑ» ብላ ላከችባቸው። ዛሬ ካልገጠመ ሃሩን እዚያ ቤት የሚገባበት ሌላ ሰበብ የለውም።

«እስቲ ንገሪኝ» አለ አሻግሬ፤ «እኔ እንዲህ የመሰለ ወይራ አምጥቼ የእሱን ዋንዛ ምን አስመረጠሽ?»

«የእርስዎ ወይራ ገና እርጥብ ነው ጋሼ። ሲደርቅ ይጣመምና ብረቱን ይገፋዋል። ዋንዛው ደርቋል፤ ለመሮም ይታዘዛል። ቢሆንም ባሩድ መጠቅጠቂያውን ዘንግ ከእርስዎ ነው ያወጣሁት፣ ከደረቀው ጫፉ።»

አሻግሬ ዘንጉን ተቀብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

መምቻው በመጨረሻ ገብቶ ሲቀመጥ እንጨቱ የተወለደው ለእሱ ይመስል ነበር። አፈሙዙም ከጎኑ ተጋደመ። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ባሩድ የሚቀመጥባት ጎድጓዳ ብረት አፈሙዙ ጎን ካለችው ቀዳዳ ትይዩ መዋል አለባት። እሳቱ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው። እናኑ አጎንብሳ አየች። ትይዩ ናት፤ ነገር ግን ቀዳዳዋ ተደፍናለች። በሽቦ ስትወጋት የደረቀ ጭቃ ወጣ፤ ከጭቃው ኋላ አመድ ፈሰሰ።

ሃሩን አመዱን በጣቱ አሸው።

«ንገሪው! የአባቴን አፈሙዝ መዝጊያውን ነቅሎ እሳት ማናፊያ አድርጎታል! ትንፋሹ እንዳያመልጥም ቀዳዳውን በጭቃ መርጓል! ጀግና የያዘውን ብረት ሽሮ ሲያፈላበት!»

እናኑ አልነገረችም። ሽቦዋን ይዛ ቆመች።

«ሽሮ አይደለም» አለ አሻግሬ፣ ፊቱን ወደ ወንድሙ አዙሮ። «የእማ የእግር ውሃ ነው። ማታ ማታ በሙቅ ውሃ ካልታሸች ቁርጥማቱ አያስተኛትም። የአባትህን ብረት አምጣ፣ እሱ ትንፋሽ ያደርሳል ያለችኝም እሷው ናት።»

ሃሩን ዓይኑን ወደ መምቻው መለሰ። የእሱ ብረት በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዘይት እየጠጣ፣ ሳጥን ውስጥ ነው የኖረው። የወንድሙን እጆች አያቸው። የጣቶቹ ቆዳ እሳት ዳር እንደኖረ ሰው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«አንተው ነህ የምታሻት?» አለ።

«ታዲያ ማን አለ? ልጆቹ ሁሉ ዐረብ አገር።»

እናኑ ድንጋዩን በቁራጭ ቆዳ ጠቅልላ መምቻው መንጋጋ ውስጥ አጠበቀችው። ባሩድ የለበትም፤ የሚፈለገው ብልጭታው ነው።

«ማን ይሳበው?»

«ታላቁ» አለ ሃሩን።

«መምቻው የማን ሆነና? ሳብ!» አለ አሻግሬ።

ሃሩን ሳበ። ብረቱ ቀጭ አለ፤ ምንም አልታየም። የሦስቱም ዓይን ጎድጓዳዋ ላይ ቀረ። እናኑ ሳትደነግጥ የድንጋዩን ጫፍ በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አድርጋ ሳለችውና «ይድገሙት» አለች።

ደገመው። ብልጭታው ጎድጓዳዋ ላይ እንደ ጤፍ ተበተነ።

«ኧረ አንቺ ልጅ!» አለ አሻግሬ፤ የእናኑን የጠቆረ እጅ ያዘና ሳመው። «ድገመው እስቲ ሃሩን፣ ድገመው!»

ሃሩን ብዙ ጊዜ ደገመው። ሲበቃው ጠመንጃውን ወደ ወንድሙ ዘረጋ።

«ይያዙት ጋሼ።»

«አንተ ያዘው፤ እንግዳ ባዶ እጁን አይገባም።»

«ምን ሲደረግ! በእርስዎ ቤት?»

«ያዝ ብያለሁ፣ ደረቅ!»

እየተጨቃጨቁ አስፋልቱ ዳር ወጥተው ባጃጅ አስቆሙ። ጠመንጃው ከባጃጁ ወርድ ይረዝማል። ሾፌሩ «ወይ ፈታታችሁ ያዙት፣ ወይ በእግራችሁ ሂዱ» ቢላቸው ሁለቱም በአንድ አፍ ጮኹበት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ባጃጁ ተነሳ፤ ሰደፉ በአሻግሬ በኩል፣ አፈሙዙ በሃሩን በኩል ወደ ውጭ እንደተንጠለጠለ፣ የገበያው ሰው ከግራም ከቀኝም እየሸሸ መንገዱን ለቀቀላቸው።