ቦዘኔው

ሥራ አስኪያጁ ከሩቅ አገር ዝናባማ ደን ለአራዊት ማቆያው የመጣለትን፣ ስሎዝ የሚሉትን እንስሳ ገና ሲያየው ናቀው። ቅጠል በልቶ ቅርንጫፍ ላይ ከመንጠልጠል ሌላ ምን ሙያ አለው? ጠዋት ጠዋት ኮቱን የቢሮው ወንበር ላይ ሰቅሎ ወደ ግል ጉዳዩ ሲወጣ፣ በአጠገቡ እያለፈ "ሰነፍ!" ይለዋል።

ዓርብ ዕለት እንግዶች ይዞ መጣ።

"ይኸውላችሁ ቦዘኔው! ንቅንቅ እንኳ አይልም። እኔ ቢሮ ተቀጥሮ ቢሆን በማግስቱ ነበር የማባርረው።"

እንግዶቹ ሳቁ። እንስሳውን የሚመግቡት ጋሽ አስራደ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ጌታዬ፣ ዛሬ ጠዋት ሞቷል። እንደተንጠለጠለ ነው የሞተው።"

"መታመሙን ለምን አልነገርከኝም?"

"ሦስት ቀን ሙሉ ቢሮዎ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁዎት፤ ኮትዎ ወንበሩ ላይ ስለነበረ አሉ ብዬ።"