በድሪያ ያዘዘችው ዳንቴል

ይህን ሳወራ አንዳንዱን ነገር ልስት እችላለሁና ከወዲሁ ይቅርታ። ነገሩ ባለፈው የሽንኩርት ወቅት ይሁን ካቻምና እጠራጠራለሁ፤ የስድቡንም ቃል ሁሉ አልያዝኩትም። የቀረውን ግን ከአባትየው ከአምባዬ አፍ ነው የሰማሁት።

አምባዬ ዓለም ጤና ውስጥ ከልጃቸው ከሰርክአዲስ ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። እሳቸው ጓሮ ባለችው ክፍል፣ እሷ ከባሏ ከጉቱና ከትንሿ ልጇ ከሉሊት ጋር በፊት ለፊቱ ቤት።

ሰርክአዲስ ዳንቴል ትሠራለች። ኪሮሿን ይዛ ከተቀመጠች ቀና አትልም። አንዲት ዓይን ከተዘለለች ስንት ዙር ተሠርቶም ቢሆን መተርተር ነው። የእጅ ላብ ነጩን ክር ያጠይመዋል፣ አቧራው ደግሞ የዓለም ጤና አቧራ ነው። ሠርታ ስትጨርስ ዳር ዳሩ እንደ አበባ እንዲቆም በወፍራም የስኳር ውሃ ትነክረውና ወጥራ በፀሐይ ታደርቀዋለች።

ስኳር ካለ ታዲያ ጉንዳን አይጠፋም። አዳማ ላይ ሱቅ ያላት በድሪያ፣ ለሙሽሮች ያዘዘችውን ሁለት ጊዜ መልሳባታለች።

«ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ በፊት በጉንዳን ታጀበች» ብላ ስቃ፣ ወዲያው ደግሞ ኮስተር አለች። «አሁን ለራሴ ሱቅ መስኮት አንድ ትልቅ ትሠሪልኛለሽ። እሱም ጉንዳን ከጠራ በቃን።»

ጉቱ ሽንኩርት እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት ረጪ ነው። ከሥራ ሲመጣ ልብሱ አፍንጫ ይሰነፍጣል። መርጫውን ከነጠርሙሶቹ በረንዳ ላይ ይወረውርና አረቄ ቤት ይሄዳል። ከዚያ ሲመለስ ሁለት ልማድ አለው። አንዱ የዳንቴሉን የስኳር ውሃ ከነሳህኑ አንስቶ መጨለጥ ነው።

«ኧረ ዳንቴሉ ሊላሽቅብኝ ነው!» ትላለች ሰርክአዲስ።

«ምነው፣ ስኳር ለጉንዳን ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረው?»

ሌላው ልማዱ ዱላ ነው።

አንድ ቀን የቀኝ እጇን ሌባ ጣት በሩና መቃኑ መሀል አድርጎ በሩን ገፋው። አምባዬ ጓሮ ሆነው የአጥንቱን ድምፅ ሰሙ፤ ሸንኮራ ሲሰበር ይመስል ነበር። ሰርክአዲስ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ኪሮሹን በመሀል ጣቷ መያዝ ተማረች። አምባዬ ያረጁ ሰው ናቸው፤ «ኧረ ልጄ፣ ኧረ በፈጠረህ» ከማለት ሌላ አቅም አልነበራቸውም። የሚፈሩት ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ወሬው ማስረሻ ጆሮ እንዳይገባ። ማስረሻ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው። መቂ ላይ ባጃጅ ይነዳል። እጁ ከአፉ ይቀድማል። በጉቱ ደም እጁን ነክሮ እንዳይቀርባቸው ሌት ተቀን ይጸልዩ ነበር።

ማስረሻ ሰማ።

በገበያው ቀን ጠዋት ሰርክአዲስ የበድሪያን ትልቅ ዳንቴል ነክራ ትወጥር ነበር። ሉሊት እንደ ልማዷ ጣቷን ከሳህኑ ነክራ ልትልስ ስትንጠራራ እናቷ በጥፊ አጮለቻት። ልጅቱ ተንከባልላ ወደቀች። አምባዬ ክው አሉ። ሰርክአዲስ ልጇን ነክታ አታውቅም።

«ዱላ እኮ ይጋባል» አሉ በሆዳቸው።

እኩለ ቀን ላይ ማስረሻ ጉቱን ሽንኩርት ተራ አገኘው።

«አማች፣ በሩን የገፋው የትኛው እጅህ ነው?»

«ሁለቱም። ምን ታመጣለህ፣ ባጃጅ?»

የመጀመሪያው ቡጢ ጥርሱን አረገፈው። ሁለተኛው ሽንኩርቱ ላይ ዘረረው። ማስረሻ ከላዩ ቆሞ ሆዱን ረገጠው፤ ገላጋይ እስኪያነሳው ድረስ ረገጠው። ቀዩ ሽንኩርት ከደሙ አይለይም ነበር። «ዛሬ ነው የምትሞተው!» ሲል ገበያው ሁሉ ሰማ።

ጉቱ ደም እየተፋ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ቤቱ ገባ። አምባዬ ከበራቸው ሆነው ያያሉ። የጠዋቱን የስኳር ውሃ ከነሳህኑ አነሳና እንደቆመ ጨለጠው። ያን ቀን ሰርክአዲስ አልጮኸችም። ሌላ ዳንቴል ጀምራ ነበርና ኪሮሿ እንኳ አልቆመም።

ከዚያ ቀበቶውን ፈታ። «ወንድምሽ ከሰጠኝ ላካፍልሽ» አለ።

ፊቷን ሁለቴ ገረፋት። ለሦስተኛው እጁን እንዳነሳ ሆዱን ይዞ ተጠቀለለ። ከአፉ ደምና አረፋ ወጣ፤ ተረከዙ ወለሉን ሲደበድብ ቆየ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ገበያው ሁሉ ያየውን ምን ያስመረምራል ተባለና በማግስቱ ተቀበረ። ማስረሻን ከባጃጁ አውርደው አሰሩት። እሱም አልካደም። «ረግጬዋለሁ፤ በእግሬ ነው የሞተው» አለ።

«ማስረሻ አልገደለውም» አለች ሰርክአዲስ። ለፖሊሶቹም ይህንኑ አለች። እህት ናት፣ ምን ትበል ብለው አለፏት።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ እኮ አይቷል» አሏት አምባዬ እያለቀሱ።

«አልገደለውም፣ አባዬ። ማስረሻ አይደለም።»

ከለቅሶው በኋላ የበድሪያን ዳንቴል አምባዬ ራሳቸው በካርቶን ይዘው አደረሱላት። ማስረሻም ብዙ ዓመት ተፈረደበት።

የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። በዋዜማው አምባዬ እስረኛ ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ፣ ከፀሐይ ለመጠለል በድሪያ ሱቅ ጎራ ይላሉ። ዳንቴሉ መስኮቱ ላይ ነጭ ሆኖ ቆሟል። በድሪያ ወንበር ሰጥታ፣ ውሃ ቀድታ ተቀበለቻቸው።

«አባባ፣ ሰርክአዲስን ‹እጅሽ ይባረክ ብላለች በድሪያ› ይበሉልኝ። የዚህኛውን ብልሃቱን አግኝታዋለች፣ ወላሂ! ጉንዳኑ ይወጣበታል እንጂ አይወርድም፤ ጠዋት ጠዋት ሬሳውን ነው የምጠርገው።»