ከባሂራ ጣሪያ በላይ

ምንተስኖት ቡታጅራ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ከባድ በረዶ የከተማዋን ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ካለፈ በኋላ፣ ጉዳት ለደረሰባቸው ቤቶች ቆርቆሮ የሚያድል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም ጣሪያዎቹን በድሮን እንዲያነሳ እሱን ከወልቂጤ አስመጣው። ሥራው ያው ነው። ግቢ ይገባል፣ ድሮኑን ያስነሳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይወጣል። እስካሁን ሁለት መቶ አርባ ጣሪያ አንስቷል። አንጋጦ ከማየት ብዛት አንገቱ ደርቋል። ዓይኑን ሲጨፍን እንኳ የሚታየው ቆርቆሮ ነው።

ሰኞ ጠዋት የኮሚቴው ጸሐፊ ናጃህ፣ ምንተስኖት ያረፈበት ቤት ድረስ መጣ።

«ወይዘሮ ባሂራ ጋ እንድንሄድ ነው» አለው።

«ደግሞ? ሁለቴ አነሳሁላቸው እኮ!»

«ያፈሳል ይላሉ። ምን ላድርግ? ቢሮ መጥተው በሩ ላይ ተቀምጠው ዋሉ።»

ባጃጅ ያዙ። ናጃህም ከምንተስኖት ባልተናነሰ ታክቶታል። በመጀመሪያው ቀን የወይዘሮ ባሂራ ማድ ቤት ጣሪያ ተበስቶ ስለተገኘ አራት ቆርቆሮ ተመዝግቦላቸዋል። ትልቁ ቤት ደህና ነው። ከሳምንት በኋላ ሳሎኑ ያፈሳል ብለው አስጠሩ፤ አንዲት ቀዳዳ አልተገኘችም።

«አራቱ አላረካቸውም ማለት ነው» አለ ምንተስኖት።

ናጃህ ባጃጁ ከጉድጓድ እስኪወጣ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የቆርቆሮ ነገር አይመስለኝም። ጎረቤታቸው አቶ ሰይዶ የእናትና የአባታቸው ልጅ ነው። አባታቸው ሲሞቱ በወሰን ተጣሉ። ያ የብሎኬት አጥር ያኔ ነው የተሠራው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። አሁን ደግሞ እሳቸው ፎቶ ይዘው ፍርድ ቤት ሊሄዱ ነው እየተባለ ነው።»

«ከአጥሩ ጠጋ አድርገው ያሉኝ ለዚህ ነዋ!»

«የሰይዶ ሚስት ሀሊሜም ባለፈው ድሮኑን ስታስነሳ ወጥታ የጮኸችው ለዚሁ ነው። ቢሯችን ድረስ መጥታ አመልክታለች። እሱ ራሱ ቢሆን ይኼኔ ከሶን ነበር። አዲስ አበባ ሆስፒታል ሰንብቶ ከመጣ ወዲህ ግን ሰው አያስገባም። መኪናው ግቢ ውስጥ ገብቶ አደረሰው፣ በሩ ተዘጋ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ያየው ጎረቤት የለም።»

ምንተስኖት ድሮኑን ጉልበቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። የሰው ጠብ መሣሪያ መሆን ብቻ ነበር የቀረው።

ወይዘሮ ባሂራ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ግቡ ልጆቼ። ፀሐይ መውጣቷ ነው፣ ቶሎ በሉ።»

«የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው?» አለ ምንተስኖት።

«እዚያ ጋ» አሉ በአጥሩ በኩል እያመለከቱ። ወደ ጣሪያው ቀና እንኳ አላሉም።

ናጃህ መዝገቡን ገለጠ። «እማማ ባሂራ፣ ሳንደባበቅ እንነጋገር። ይኼ ሦስተኛው ነው። ዛሬም ካልተገኘ ኮሚቴው ሐሰተኛ አመልካች ብሎ ይሰርዝዎታል። የማድ ቤቱ አራት ቆርቆሮም ይቀራል። ክረምቱ ገና ነው። ቢተዉት አይሻልም?»

«ይሰረዝ።»

«ይሰረዝ?»

«ይሰረዝ አልኩህ እኮ። አንተ ልጅ፣ አስነሳው።»

ምንተስኖት ድሮኑን አስነሳ። ድሮኑ እያጉረመረመ ከሳሎኑ በላይ ወጣ። ቆርቆሮው ሳይነካ ያብለጨልጫል፤ ሚስማሮቹ በቦታቸው ናቸው።

«ወደ አጥሩ» አሉ ወይዘሮ ባሂራ።

«እዚያ ጣሪያ የለም።»

«ትንሽ ብቻ። ዝቅ አድርገው።»

ለመከራከር አቅም አልነበረውም። ድሮኑ ከአጥሩ ማዶ ካለው እንሰት በላይ ቆመ። ወዲያው ከማዶ በር ተበርግዶ ተሰማ፣ ቀጥሎም የወንድ ድምፅ።

«አንሱልኝ! ይኼን ነገር ከቤቴ ላይ አንሱልኝ ብያለሁ!»

ድንጋይ ሽው ብሎ በድሮኑ ጎን አለፈና ባሂራ ጓሮ ወደቀ። ሁለተኛው ተከተለ። ድሮኑ ቢሰበር ምንተስኖት የሚተካበት ገንዘብ የለውም። ጣቱ ሳያስበው የፎቶውን ቁልፍ እየተጫነ በጥድፊያ ወደ ኋላ መለሰው፣ አወረደው፣ አቅፎ ክንፎቹን አንድ በአንድ አየ።

«ደስ አለዎት?» አለ። «እንዲህ አይነት ነገር አልወድም እናቴ። ለክስ ፎቶ ከፈለጉ ሌላ ሰው ይቅጠሩ። ጣሪያዎ አያፈስም። ይኸው፣ ይዩት!»

መቆጣጠሪያውን ከነስክሪኑ እጃቸው ላይ አኖረው። ናጃህ ስማቸውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ እንዲፈርሙ መዝገቡን ዘረጋላቸው። ሳያነቡ ፈረሙ።

ከማዶ ስድቡ ገና አላባራም። የሀሊሜ ድምፅ «ኧረ በአላህ ግባ!» እያለ ይለምናል።

ወይዘሮ ባሂራ ስክሪኑን ወደ ጥላው ይዘው ዞሩ። ሰዎች ፎቶ ሲያጎሉ እንደሚያደርጉት በሁለት ጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉ። የራሳቸውን ጣሪያ አለፉት። አጥሩን አለፉት። እንሰቱን አለፉት። ድንጋይ የጨበጠ እጁን ሽቅብ አንስቶ ባፈጠጠው ሰውዬ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ቆሟል» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜ በእግሩ ቆሟል።»