ምን ልሥራ?

ሀና ማርያም አንድ ሱፐርማርኬት በተቀጠርኩ ዕለት ባለቤቷ እትዬ ሐሚዳ፣ «ሥራ ስትጨርሺ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቁሚ፤ ጠይቂኝ» አሉኝ።

በነጋታው ጠዋት ሳሙናውን ደርድሬ ጨረስኩና በመጋዘኑ በር አንገቴን አስገባሁ። «እትዬ ሐሚዳ፣ ምን ልሥራ?»

«ጥጉ ላይ ያሉትን ካርቶኖች አውጪ» አሉኝ፣ ከዘይቱ ክምር ጀርባ ሆነው።

አወጣሁ። ደግሜ ጠየቅኩ።

«ወለሉን ጥረጊው።»

ጠረግኩ። ጥጉ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም ጠባብ ቦታ ተከፈተ።

ስድስት ሰዓት ግድም እትዬ ሐሚዳ ሻንጣ ይዘው ከመንገድ ገቡ።

«ትናንት ማታ ወራቤ ለቅሶ ሄጄ አሁን መመለሴ ነው» አሉ። «ካርቶኑን ማን አውጪ አለሽ?»

ልመልስላቸው ስል፣ አፋቸው ሳይንቀሳቀስ ድምፃቸው ከመጋዘኑ ውስጥ ጠራኝ።

«ጸደንያ፣ ሥራው አልቋል። አሁን ነይና ቦታሽ ላይ ቁሚ።»