ሳይድ ቢ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከካሴቱ ሳይድ ኤ የቀረው ሁለት ደቂቃ ነበር። ባትሪው ሙሉ ነው። ሁለቱ ማይክሮፎኖች ከመድረኩ አራት ሜትር ርቀው መደርደሪያ አናት ላይ ቆመዋል፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዞሯል። የድምፅ መለኪያዋ መርፌ ቀዩን መስመር አንድ ጊዜም አልነካችም። ዙሀይር ይህን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ ግድግዳው ሥር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መቅረጸ ድምፁን ጭኑ ላይ አድርጎ የካሴቱን መሽከርከር ይመለከታል።

ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር ያለችው ጠባብ ሙዚቃ ቤት ስልሳ ሰው ይዛለች። በፈረንጆቹ 1996፣ የኅዳር ቅዳሜ ነው፤ ሰው ካፖርቱን ታቅፎ በሸክላ መደርደሪያዎቹ መሐል ተጣብቦ ቆሟል። የሚጫወተው ግሬን ቢንስ የሚባል የካንትሪ ሮክ ባንድ ነው። ሦስት አልበም አውጥቶ አንዱም አልተሸጠለትም። የሚወዱት ግን ቃሉንም፣ ትንፋሹንም በቃላቸው ይዘውታል።

አንድ ዘፈን አላቸው፤ አልበም ላይ ወጥቶ አያውቅም። አድናቂዎቹ እርስ በርሳቸው «ያልተቀዳው» ይሉታል። እንደ ጠረጴዛ የተጋደመውን ጊታር፣ ፔዳል ስቲሉን የሚጫወቱት ሽማግሌ ነገ ጠቅልለው ወደ ቴክሳስ ይሄዳሉ። ያለ እሳቸው ባንዱ ያን ዘፈን አይነካውም። ስለዚህ በኢሜይል የሚጻጻፉት አርባ አንድ አድናቂዎች ማን ይቅዳው ብለው ድምፅ ሰጡ። «ዙሀይር ይቅዳው» ብሎ ጻፈ አንዱ፣ «ሆስፒታል ውስጥ ደም ሲመረምር የሚውል ሰው አይሳሳትም።»

«ዶክተር» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ነጅሙዲን በጆሮው። ዶክተር አለመሆኑን ያውቃል፤ ከደሴ ጀምሮ አብሮ አደጉ ነው፣ ዛሬም በታክሲው ያመጣው እሱ ነው። «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያላዝነው? ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነው?»

«ዝም በል። ይቀዳል።»

«ይቀዳ። ለቅሶ ደርሰናል እንበል።»

ዘፈኑ አለቀ፤ ካሴቱም ጫፉ ደረሰና ቀጭ ብሎ ቆመ። ከዚህ በኋላ ያለውን ዙሀይር ሪችፊልድ ባለው ቤቱ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አርባ ጊዜ ተለማምዶታል። ካሴቱን ማውጣት። የተቀዳው እንዳይጠፋ ከጀርባው በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ መስበር። መገልበጥ። መክተት። አሥራ ስምንት ሰከንድ።

ዘፋኙ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ። «በመጨረሻ ልንጫወተው ነበር፤ ግን የሽማግሌያችን ጣት ሳይደክም አሁኑኑ ይሻላል» አለ። ሊጀመር ያለው «ያልተቀዳው» ነው።

የዙሀይር እጅ ፈጠነ። አወጣ፣ ገለበጠ፣ በግራ በኩል ያለችውን ሰበረ፣ ከተተ፣ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ። አልወርድ አለ። ደግሞ ተጫነ። ያን ጊዜ ገባው። መጀመሪያ ገልብጦ ኖሯል፤ የሰበረው ገና ምንም ያልተቀዳበትን ገጽ ጥርስ ነው። ሳይድ ቢ ተቆልፏል። ትርፍ ካሴቱ ታክሲው ውስጥ ነው፤ ታክሲው ሁለት ብሎክ ርቆ ቆሟል።

«ምን ሆንክ?»

«ያልሆነውን ሰበርኩ።»

ነጅሙዲን አጎንብሶ አየ። «ታዲያ ወረቀት አኝክና ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቅ! ደሴ እያለን የአጎትህን ካሴቶች በምን ነበር ስንቀዳባቸው የኖርነው?»

ዙሀይር ከደብተሩ ጥግ ቀድዶ አፉ ውስጥ ከተተ። አፉ ደርቋል፤ ወረቀቱ አልርስ አለ። ሽማግሌው የሚጫወቱባትን ብረት ክሮቹ ላይ አሳርፈዋል። ዘፋኙ በእግሩ መቁጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት።

«ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ሰር!»

ነጅሙዲን ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ ብድግ ብሎ እጁን አውጥቷል። ስልሳ ራስ ዞረ። እነዚህ ሰዎች ዘፈን ሊጀመር ሲል ሳላቸውን እንኳ ይውጣሉ። ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት በዓይኗ ልትበላው ደረሰች።

«ያ የተጋደመው ነገር» አለ ነጅሙዲን፣ «ጊታር ነው ወይስ ጠረጴዛ?»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ባለቤቴም ሠላሳ ዓመት ይህንኑ ስትጠይቀኝ ኖራለች» አሉና ፔዳሎቹን በእግራቸው እየረገጡ ያሳዩት ጀመር።

ዙሀይር ወረቀቱን ጠቀጠቀው። ወፍሯል፤ ክዳኑ አልዘጋ አለ። አወጣው፣ በጥርሱ ለሁለት ከፈለው፣ በጥፍሩ ገፍቶ አስገባው። ክዳኑ ተዘጋ። ቁልፉ ወረደ። ቀይዋ መብራት በራች፣ መርፌዋም ተንቀሳቀሰች። የነጅሙዲንን ካፖርት ጫፍ ጎተተ።

«ስንት ክር አለው?» አለ ነጅሙዲን ለመጨረሻ ጊዜ።

«አሥር።»

«ይበቃዋል» ብሎ ተቀመጠ። ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ ተነነ፤ ዘፈኑ ተጀመረ።

ዙሀይር ዘፈኑን አልሰማም። ወረቀቷ እንዳትረግብ፣ ቁልፉ ተስፈንጥሮ እንዳይነሳ ነበር የሚጠብቀው። የመጨረሻው ድምፅ ተስቦ፣ ቀጥኖ፣ ከማሞቂያው ሹክሹክታ ጋር እስኪቀላቀል ማንም አላጨበጨበም። ቀና ሲል ነጅሙዲን የታክሲውን ቁልፎች እንዳይንሿሹ በጡጫው ጨምቆ ይዟቸው አየ። ጣቶቹ ነጥተዋል።

ዘፈኑ አራት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ ነው፤ አንድም አልጎደለም። ከእሱ በፊት አሥራ አንድ ሰከንድ ወሬና ሳቅ አለ፤ ዙሀይር ሲያባዛ ሊቆርጠው ይችል ነበር። አርባ አንድ ቅጂ ላከ። የአርባ አንዱም ሳይድ ቢ የሚጀምረው «ስንት ክር አለው?» ብሎ ነው።