ያልተዘረጋው ጨርቅ

«ስለ ደመወዙስ ምን ያስባሉ?» ትላለች የወደቡ የቅጥር ኃላፊ ማዳም ዴልኩር፣ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አቁማ።

ኤሴታ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው። ፈረንሳይ አገር ከሞንፔልዬ ተመርቃ ወደ ደሴታቸው ከተማ ኑሜአ ከተመለሰች ጀምሮ መልሱን መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ ከርማለች። ፈረንሳዮች ዘንድ ቁጥሩ ብቻውን አይወጣም፤ «ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» በሚል ተጠቅልሎ ነው የሚቀርበው። የአክስቷ ልጅ በር ላይ ቆማ ስትሰማት «እኛ ቤት ሩዝ አቀብዪኝ ለማለትም እንዲህ ልትይ ነው?» ብላ ስቃባት ነበር።

አሁን ግን ከማዳም ጎን የሠራተኞች ተወካይ ሆኖ የተቀመጠው የእናቷ ወንድም ዜኡላ ነው፤ የወደቡን ክሬን ሠላሳ ዓመት ያንቀሳቀሰው፣ ለፈረንሳይ ትኬቷ ጀልባውን የሸጠው።

እዚህ እንደሚቀመጥ እናቷ ነግራታለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣም አበባ የታተመበት አዲስ ጨርቅ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታላታለች። «እንደ ወጋችን ከሁሉ በፊት ይህን ፊቱ አኑሪ። ዓይንሽን ዝቅ አድርገሽ ‹ትንሽ ነገር ናት፤ መግቢያዬ ናት› በይ። እሱም የራሱን ጨርቅ ይመልስልሻል። ያን ጊዜ ነው ገባሽ የሚባለው። ከዚያ ወዲያ ያሻሽን ፈረንሳይኛ ተናገሪ።»

የቢሮውን በር ስታልፍ እጇ ቦርሳው ላይ ነበር። ማዳም ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋችላት። ኤሴታ ጨበጠቻት፤ ቦርሳው ሳይከፈት ቀረ። ጉቦ ቢመስላትስ? ብትስቅስ? እናም ወደ አጎቷ ዞራ «እንደምን አደሩ፣ ሙሴ ዜኡላ» አለች፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

እሱ ባዶ እጆቿን አየ። ወንበር ስባ ስትቀመጥ ነው «እንደምን አደሩ፣ ማድሞዋዜል» ያላት። ከተወለደች ጀምሮ አንቱ ብሏት አያውቅም።

ማዳም የደመወዙን መልስ እየጠበቀች ነው። ኤሴታ ትንፋሿን ትሰበስባለች።

«ከሥራው ኃላፊነትና ከትምህርቴ አንጻር፣ በወር ከሦስት መቶ ሰማንያ እስከ አራት መቶ ሺህ ፍራንክ ባለው ብንነጋገር ደስ ይለኝ ነበር። እርግጥ ነው፣ የእናንተንም ሐሳብ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።»

አንድም ቦታ አልተሰናከለችም።

«እንዴት ያለ አነጋገር ነው!» ትላለች ማዳም። «እርስዎስ ምን ይላሉ፣ ሙሴ ዜኡላ?»

«እኔማ ምን እላለሁ፣ ማዳም» ይላል ጉሮሮውን ጠርጎ። «እንዲህ አሳምሬ መጠየቅ ባውቅ ኖሮ፣ ዛሬ ክሬኑን የሚነዱልኝ እርስዎ ነበሩ።»

ማዳም ከልቧ ትስቃለች። ኤሴታም ትስቃለች፤ የገዛ ሳቋ ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ አንገቷ ድረስ ይግላታል። የጠራችው ቁጥር የአጎቷ ደመወዝ እጥፍ ነው ማለት ይቻላል።

«በደንብ ተምረዋል» ይላል ዜኡላ፣ ሳቁ ሲበርድ። እሷን አያይም። «ይገባቸዋል። ይጻፉት።»

ማዳም ለመጻፍ ታጎነብሳለች። ያኔ ነው ኤሴታ ያየችው። ከአጎቷ የሥራ ጃኬት የደረት ኪስ፣ ነጭ አበባ ያለበት ሰማያዊ ጨርቅ ጫፉ ብቅ ብሏል። ካውያ የነካው፣ እጥፋቱ ያልተበላሸ። የመልስ ጨርቅ ነው፤ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ብቻ የሚይዘው።

«መቼ መጀመር ይችላሉ?» ትላለች ማዳም ቀና ሳትል።

ለዚህም የተለማመደችው መልስ ነበራት። ከጠረጴዛው ሥር ጣቷ የቦርሳዋን ዚፕ ይዟል፤ አይከፍተውም፣ አይለቀውምም።

ዜኡላ ብቅ ያለውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ይገፋውና የኪሱን ቁልፍ ይቆልፋል።