የእጅ ኪሎ

ሙላቴን ማየት ራሱ ያቅለሸልሻል። ሐሙሲት ገበያ ላይ ቅቤ እየገዛ ባሕር ዳር የሚሸጥ ሰው ነው። ቅቤውን በአውራ ጣቱ ዛቅ አድርጎ ይልሳል፣ ጣቱን ኮቱ ላይ ይጠርጋል፣ በዚያው ጣት የሌላዋን ቅቤ ይነካል። ኤጭ! ኪሎ የሚመዝንበት ብረት እንኳ በእድፍ ተለብጦ መልኩ ጠፍቷል፤ ዝንብ አይለየውም።

ኪሎው ከባድ ነው እየተባለ ይታማል። ግን ማን አረጋግጦ? ቅቤ የሚሸጡለት ሴቶች የሚያውቁት ቁና ነው እንጂ ኪሎ በእጃቸው ምን ያህል እንደሚከብድ አያውቁም።

ፍቅርተ ከዱባይ ስትመለስ ይኸ ነገር አንገበገባት። እዚያ በሰው ማድ ቤት ሁሉን በግራም እየለካች ስትሠራ ኖራለች። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሚዛንም ይዛ መጥታ ነበር፤ ባትሪው አልቆ ቀረ፣ ዓይነቱም ሐሙሲት የለም። እናም የሴቶቹን እጅ ልታስተምር ተነሣች። ለሊትር የውኃ ፕላስቲክ አመጣች። ለኪሎ ደግሞ ስኳር ነጋዴው ደሳለው፣ ወሬውን ገና እንደሰማ፣ አንድ ኪሎ ስኳር በነጻ ሰጣት። እንዳይፈስ ብሎም የላስቲኩን አፍ በሻማ አተመላት። ደሳለው ነጠላው ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ሴቱን ሁሉ "እናቴ" የሚል ሰው ነው። ሰው ማለት እንዲህ ነው እንጂ።

ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንን ስኳር ሲያነሡ ሲያስቀምጡ ሰነበቱ። ድንችም ይሁን ሽንኩርት ኪሎ መሙላቱን በእጃቸው ይናገሩ ጀመር። ደሳለው የሚሸጥላቸውን ስኳርማ በየገበያው ቀን ፈተኑት፤ ሁልጊዜ ልክ ነው።

ከዚያ ወደ ሙላቴ ዞሩ። የገበያው ሽማግሌዎች ቀድመው ቆርጠዋል፤ ብረቱ ከኪሎ ከበለጠ ሙላቴ ሁለተኛ እዚህ ሚዛን አይዘረጋም። አራት ልጅ የሚያሳድገው ደግሞ በዚችው ሚዛን ነው።

በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ጌጤ ናቸው። ብረቱን እየተጸየፉ በአንድ እጃቸው፣ ስኳሩን በሌላው አነሡ። ፊታቸው ተኮማተረ።

"ይኸ ኪሎ አይደለም። ስትልስ የኖርኸው የእኛን ላብ ነው።"

ብረቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ያንኑ አሉ። ሙላቴ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

"እትዬ፣ በፈለጉት ሚዛን ያስመዝኑት" አለ። "ደብረ ታቦር ድረስም ቢሆን እኔው ተሸክሜ እወስደዋለሁ።"

"ከእጃችን ወዲያ ምን ሚዛን አለ?" አለችው ፍቅርተ። ቅቤ የጠገበ ጣቱን ስታይ ፊቷን አዞረች።

ሚዛኑን ገለበጡበት። አንዷ ትፍ አለችበት። ሙላቴ ኮቱን ሰብስቦ ሄደ፤ ሥራው ያውጣው። ደሳለው ሱቅ በር ላይ የዚያን ቀን ሰልፍ ነበር።

ለፋሲካ ፍቅርተ ኬክ ልትጋግር አሰበች። ወንድሟ ከደብረ ታቦር ባትሪ አመጣላት። የሚበቃት ስኳር ቤት ውስጥ አለ፤ ያ የትምህርቱ፣ እትሙ እንኳ ያልተነካው። ሳትፈታው ሚዛኑ ላይ አኖረችው።

ስምንት መቶ ሠላሳ ግራም።